ካሜራውን ሸፍነናል፤ ማይክሮፎኑስ?

ጥያቄ፦ «የላፕቶፔን ካሜራ በፕላስተር ከሸፈንኩት ቆይቷል። አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳም የማይክሮፎን ናት ብዬ በቴፕ ደፍኛታለሁ። የካሜራው መብራት ሳላዘው ሲበራ አይቼ አላውቅም። ሰሞኑን ግን አንድ ኢሜይል ደረሰኝ። ድሮ እጠቀምበት የነበረውን የይለፍ ቃል ከጻፈ በኋላ፣ በካሜራህ ቀርጬሃለሁ፣ ቢትኮይን ካልላክህ ቪዲዮውን ለምታውቃቸው ሁሉ እበትነዋለሁ ይላል። የተላከውም ከራሴ አድራሻ ነው። አንቲቫይረስ አስኬጄ ምንም አላገኘም። መብራቱ ካልበራ ካሜራው አልሠራም ማለት ነው? ቴፑ ማይክሮፎኑን ይዘጋዋል? ወይስ ላፕቶፑን ልቀይረው?»

ምላሽ፦

ከኢሜይሉ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ይመስላልና። አይክፈሉ፤ መልስም አይስጡ። ይህ መልእክት ከ2018 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቃላቱ እየተቀያየሩ በጅምላ የሚላክ ማጭበርበሪያ ነው። የጻፈው ሰው ኮምፒውተርዎ ውስጥ አልገባም። የይለፍ ቃሉን ያገኘው ከዓመታት በፊት አካውንት ከከፈቱበት ድረ ገጽ ተሰርቆ ከወጣ የመረጃ ክምችት ነው። የጠቀሰው አሁን የሚጠቀሙበትን ሳይሆን አሮጌውን መሆኑም ከዚህ የተነሳ ነው። ከራስዎ አድራሻ የተላከ መምሰሉም ምንም አያረጋግጥም። በኢሜይል ላይ የላኪ ስም የሚሰፍርበት ቦታ በፖስታ ጀርባ ላይ እንደሚጻፍ የላኪ አድራሻ ነው፤ ማንም ያሻውን ሊጽፍበት ይችላል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተቀባዩን ቤት ፎቶ ከኢንተርኔት ካርታ ላይ ወስደው የሚያያይዙም መጥተዋል። ያም ቢሆን ከካሜራዎ የተገኘ አይደለም። ቪዲዮ በእጁ ያለ ሰው ከቪዲዮው አንድ ምስል ቆርጦ ይልክልዎት ነበር፤ ማስፈራሪያው የሚሠራው ያኔ ነውና።

ከዚህ ኢሜይል በቁም ነገር የሚወሰደው የይለፍ ቃሉ ብቻ ነው። ያ ቃል፣ ወይም ጫፉ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ የተጨመረበት ወንድሙ፣ ዛሬም የሚሠራበት አካውንት ካለ አሁኑኑ ይቀይሩት። ኢሜይልዎ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን ቅንብር፣ ያብሩ። አንድ ቀን በእርግጥ የእርስዎ ምስል ያለበት ማስፈራሪያ ቢደርስዎት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔም አይከፈልም፤ የከፈለ ሰው ደግሞ ይጠየቃል እንጂ አይለቀቅም። መልእክቱን ሳያጠፉ ይዘው ለፖሊስ ያቅርቡ።

አሁን ወደ መብራቱ። «መብራቱ ካልበራ ካሜራው አልሠራም» የሚለው እምነት በሰፊው የተለመደ ነው፤ ግን በሁሉም ላፕቶፕ ላይ እውነት አይደለም። ጉዳዩ መብራቱ ከምን ጋር እንደተያያዘ ነው። በአንዳንዶቹ መብራቱ የካሜራው ዳሳሽ፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ኤሌክትሪክ በሚያገኝበት መስመር ላይ ተቀጥሏል፤ ዳሳሹ ኃይል ሲያገኝ መብራቱም የግድ ይበራል። በሌሎቹ ግን መብራቱን የሚያዘው በካሜራው ውስጥ ባለች ቺፕ ላይ የተጫነ ትንሽ ፕሮግራም፣ ማለትም ፈርምዌር ነው። ፈርምዌሩን መለወጥ የቻለ ሰው መብራቱንም ያዘዋል።

ይህ በተግባር ታይቷል። በ2013 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ከ2008 ገደማና ከዚያ በፊት በተሠሩ የአፕል ኮምፒውተሮች ላይ ሞክረውታል። የእነዚያ ማሽኖች ካሜራ የተነደፈው ዳሳሹ ሲነቃ መብራቱ አብሮ እንዲበራ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ፈርምዌሩን ለውጠው ዳሳሹ «ተኛ» የሚለውን ምልክት ችላ እንዲል አደረጉት፤ መብራቱ እንደጠፋ ካሜራው ቀረጸ። ለዚህም የአድሚን፣ ማለትም በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት፣ ፈቃድ አላስፈለጋቸውም። በ2024 ደግሞ ሌላ ተመራማሪ ቲንክፓድ ኤክስ230 በተባለው የሌኖቮ ላፕቶፕ ላይ የካሜራውን ፈርምዌር በሶፍትዌር ብቻ ለውጦ መብራቱን ለብቻው ማዘዝ እንደሚቻል አሳየ። ሁለቱም የቆዩ ማሽኖች ናቸው፤ አፕልም የአሁኖቹ ማክቡኮች ካሜራ መብራቱ ሳይበራ ሊሠራ እንደማይችል ተደርጎ መሠራቱን ይናገራል። ይሁንና እርስዎ ፊት ያለው ላፕቶፕ ውስጡ እንዴት እንደተቀጠለ ከውጭ አይቶ ማወቅ አይቻልም። በዚያ ላይ አንዲት ፎቶ ለማንሳት ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃል፤ መብራቱ ብልጭ ብሎ ቢጠፋ እርስዎ ዞር ባሉበት አልፏል።

ስለዚህ ሳያዙት የበራ መብራት መመርመር አለበት፤ ያልበራ መብራት ግን ስለ ምንም ነገር ምስክር አይሆንም። ሳያዙት ቢበራም ወዲያው አይደንግጡ። አብዛኛውን ጊዜ ሳይዘጋ የቀረ የስብሰባ ገጽ ወይም ፊትዎን አይቶ ላፕቶፑን የሚከፍተው የመግቢያ ሥርዓት ሆኖ ይገኛል።

ሰዎች ካሜራንና ማይክሮፎንን በርቀት የሚያበሩት እንዴት ነው? ካሜራውን ራሱን «ሰብረው» አይደለም። የሚገቡት ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ ካሜራው ከዚያ በኋላ ከሚያገኟቸው ነገሮች አንዱ ብቻ ነው። መሣሪያቸው በርቀት መቆጣጠሪያ ማልዌር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከሩቅ ለማዘዝ የተሠራ ጎጂ ፕሮግራም ነው። ከእነዚህ አንዱ የነበረው ብላክሼድስ ከ40 ዶላር ጀምሮ ይሸጥ ነበር። በግንቦት 2014 የበርካታ አገሮች ፖሊሶች ተባብረው ከ90 በላይ ሰዎችን ሲያስሩ፣ ማልዌሩ ከ100 በሚበልጡ አገሮች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ላይ መጫኑ ተገልጿል። የዋጋው ርካሽነት ልብ ሊባል ይገባል፤ ይህን ለማድረግ የመንግሥት ሰላይ ወይም ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የሚጫነውም አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ በራሱ እጅ በከፈተው ነገር ነው፦ ክራክ በተደረገ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ በተሰበረ) ሶፍትዌር፣ በኢሜይል ተያይዞ በመጣ ፋይል፣ ወይም «ኮምፒውተርዎ ችግር አለበት፣ በርቀት ላስተካክልልዎ» ብሎ በሚደውል ሰው።

እንግዲህ ካሜራ መሸፈን ሌባውን ከቤት አያስወጣውም፤ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱን ይጋርድበታል እንጂ። በዚያው ማልዌር የሚተይቡትን ሁሉ ያነባል፣ ፋይልዎን ይገለብጣል፣ ስክሪንዎን ያያል። ይህን የምለው ፕላስተሩን አንሱት ለማለት አይደለም። በ2016 የኤፍቢአይ ዳይሬክተር የነበሩት ጄምስ ኮሚ የላፕቶፓቸውን ካሜራ በቴፕ እንደሚሸፍኑ በአደባባይ ተናግረዋል፤ በዚያው ዓመት በወጣ ፎቶ ላይም የማርክ ዙከርበርግ ላፕቶፕ ካሜራው ተሸፍኖ ታይቷል። ርካሽ፣ ቀላልና የማያወላውል መከላከያ ነው። የትኛውም ሶፍትዌር ፕላስተርን ከርቀት አይልጥም።

ነገር ግን በአግባቡ ይሸፈን። ነጭ የቁስል ፕላስተርም ሆነ ብርሃን አሳላፊ ቴፕ ምስሉን ያደበዝዘዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጋርደውም። የካሜራ አፑን ከፍተው ፊትዎን ወደ መስኮት ብርሃን አዙረው እጅዎን ያወዛውዙ፤ ጥላ ሲንቀሳቀስ ካዩ ሽፋኑ በቂ አይደለም። ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ጥሩ ነው፤ ሙጫው ሌንሱን እንዳይነካው መሃሉ ላይ ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ያድርጉበት። ላፕቶፑ ፊትዎን አይቶ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ሁለተኛ የኢንፍራሬድ ካሜራ ይኖረዋል፤ አንዱን ሸፍኖ ሌላውን መተው የተለመደ ስህተት ነው። በተንሸራታች የፕላስቲክ መሸፈኛዎች ግን ይጠንቀቁ። በስክሪኑና በኪቦርዱ መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ስለሆነ ወፍራም መሸፈኛ ለጥፈው ክዳኑን ሲጫኑት ስክሪኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። አፕል በ2020 ስለዚህ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ መሸፈኛ የግድ ካስፈለገ ውፍረቱ ከተራ ማተሚያ ወረቀት፣ ማለትም ከ0.1 ሚሊሜትር፣ እንዳይበልጥ መክሯል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ማይክሮፎኑ ነው፤ ብዙ ሰው ካሜራውን ሸፍኖ በሰላም የሚቀመጠውም በዚህ ምክንያት ያሳዝነኛል። ካሜራ የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውን ነው፤ ክዳኑ ሲዘጋ ይታወራል። ማይክሮፎን ግን ጀርባዎን ቢሰጡትም፣ ክፍሉ ቢጨልምም፣ በሩ ክፍት ከሆነ በሚቀጥለው ክፍል የሚነገረውንም ይሰማል። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ማይክሮፎኑ ሲሠራ የሚበራ የራሱ መብራት የላቸውም። በስልክ የተነበበ የሒሳብ ቁጥር፣ ለሐኪም የተነገረ ሕመም፣ ከጠበቃ ጋር የተደረገ ምክክር፣ የባልና የሚስት ጠብ፤ ሰውን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ከፊቱ ምስል ይልቅ ንግግሩ ነው።

ቴፑ ማይክሮፎኑን አይዘጋውም። መጀመሪያ ነገር፣ የደፈኑት ቀዳዳ የማይክሮፎን ላይሆን ይችላል። ከካሜራው አጠገብ ያለችው ነጥብ አንዳንዴ የክፍሉን ብርሃን የምትለካው ዳሳሽ ናት፤ እሷን ከሸፈኗት የሚያገኙት የሚፈዝ ስክሪን ብቻ ነው። የአሁኖቹ ላፕቶፖች አብዛኛውን ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ ማይክሮፎኖች አሏቸው፤ ከካሜራው ግራና ቀኝ፣ ከኪቦርዱ በላይ፣ በጎን ወይም ከታች በኩል ይቀመጣሉ። ሁሉንም ቢያገኟቸው እንኳ ድምፅ እንደ ብርሃን አይደለም፤ በቴፑም በላፕቶፑ አካልም ዘልቆ ይገባል። በራስዎ ላፕቶፕ ይሞክሩት። ቀዳዳዎቹን እንደደፈኑ የድምፅ መቅጃ ይክፈቱ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው በተለመደ ድምፅዎ አንድ አንቀጽ ያንብቡ፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርገው ያዳምጡ። «ሰ» እና «ሸ» የመሰሉት ሹል ድምፆች ይደነዝዛሉ፣ ንግግሩ የታፈነ ይመስላል፤ የተናገሩት ቃል ግን ይለያል። በጆሮ ባይለይ እንኳ ድምፅ ማጉያ ሶፍትዌር ሊያወጣው ይችላል። ቀዳዳው ውስጥ መርፌ ወይም ሙጫ ከመክተት ግን ይቆጠቡ፤ ማይክሮፎኑን ያበላሻሉ፣ ሌላኛው ግን መስማቱን ይቀጥላል።

የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያውን ቆርጦ ባዶውን ላፕቶፑ ላይ መሰካት የሚመክሩም አሉ። ሐሳቡ ላፕቶፑ ውጫዊ ማይክሮፎን የተሰካ መስሎት የውስጡን እንዲተወው ነው። በድሮ ማሽኖች መሰኪያው የውስጡን መስመር ራሱ ይቆርጥ ስለነበር ይሠራ ይሆናል። አሁን ግን ከየትኛው ማይክሮፎን መስማት እንዳለበት የሚመርጠው ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌር የመረጠውን ደግሞ ሶፍትዌር መልሶ ይለውጠዋል። በድንገት ከሚከፈት ስብሰባ ያድንዎት ይሆናል፤ ከማልዌር ግን አያድንም።

ታዲያ ምን ይሠራል? እንደ ጥንካሬያቸው ልናገር። ከሁሉ የሚሻለው የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚቆርጥ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ፍሬምወርክና ፒዩሪዝም የተባሉት ኩባንያዎች የሚሠሯቸው ላፕቶፖች ለካሜራም ለማይክሮፎንም እንዲህ ያለ ማጥፊያ አላቸው። ከ2018 ወዲህ የወጡ የማክቡክ ሞዴሎች ደግሞ ክዳናቸው ሲዘጋ ማይክሮፎኑ በሃርድዌር ይቋረጣል፤ ሥርዓቱ ውስጥ ሙሉ ሥልጣን ያለው ማልዌር እንኳ መልሶ ሊያበራው አይችልም። ለእነዚህ ማሽኖች ባለቤቶች «ሲጨርሱ ክዳኑን ይዝጉ» የሚለው ምክር ብዙ ይጠቅማል። ይህ ግን የሁሉም ላፕቶፕ ባሕርይ አይደለም፤ ክዳኑ ተዘግቶም እየሠራ የሚቀር ላፕቶፕ መስማቱን ሊቀጥል ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ባዮስ፣ ማለትም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ (ዊንዶውስ ወይም ሌላው) ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የላፕቶፑ መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። በተለይ ለቢሮ ሥራ የተሠሩ ላፕቶፖች ሲነሱ በሚከፈተው የባዮስ ገጽ ላይ ካሜራውንና ማይክሮፎኑን ማጥፋት ይፈቅዳሉ። እዚያ ከጠፉ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መኖራቸውንም አያውቅም። የባዮስ የይለፍ ቃል ያድርጉበትና በደህና ቦታ ያኑሩት፤ ቢጠፋብዎት መመለሱ አስቸጋሪ ነው። ከዚህ ዝቅ ብሎ በዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር (የላፕቶፑ ክፍሎች የተዘረዘሩበት ገጽ) ውስጥ ገብቶ መሣሪያውን ዲሴብል ማድረግ፣ ማለትም ማጥፋት፣ በሊኑክስም ካሜራውን የሚያሠራውን ሞጁል እንዳይነሳ ማገድ ይቻላል። እነዚህ ተራ አፕን ያስቆማሉ፤ የአድሚን ሥልጣን ያገኘ ማልዌር ግን መልሶ ሊያበራቸው ይችላል።

በመጨረሻ የፈቃድ ቅንብሮች ይመጣሉ። በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ ከፍተው ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ካሜራና ማይክሮፎን የሚሉትን ይመልከቱ። የትኛው አፕ ፈቃድ እንዳለውና በቅርቡ የትኛው እንደተጠቀመባቸው ያሳያል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ከማይክሮሶፍት ስቶር የወረዱት አፖች አንድ በአንድ ማጥፊያ ሲኖራቸው፣ ከሌላ ቦታ ወርደው የተጫኑ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ግን ሁሉም በአንድ ማጥፊያ ሥር ናቸው። ማጥፊያው ጠፍቶም አንዳንድ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ካሜራውንም ማይክሮፎኑንም ሊደርሱባቸው እንደሚችሉ ማይክሮሶፍት ራሱ ይገልጻል። ማክ ከ2018 ጀምሮ እያንዳንዱ አፕ ፈቃድ እንዲጠይቅ ያስገድዳል፤ ከ2021 ወዲህም ማይክሮፎን ሲሠራ ከላይ በስክሪኑ ጥግ ብርቱካናማ ነጥብ ያሳያል። ብሮውዘርዎ ውስጥም ይግቡ። አንዴ ለተደረገ ስብሰባ «ሁልጊዜ ፍቀድ» ብለው የተዉት ድረ ገጽ ዛሬም ፈቃዱን ይዞ ተቀምጦ ይሆናል፤ የማያውቁትን ሁሉ ይሰርዙ።

ፈቃድን በጥንቃቄ መስጠት ለምን እንደሚያስፈልግ የ2019ኙ የዙም ጉዳይ ያሳያል። በማክ ላይ የሚጫነው ዙም የራሱን ትንሽ ሰርቨር፣ ማለትም ከድረ ገጾች ትእዛዝ የሚቀበል ፕሮግራም፣ ከበስተጀርባ ያስቀምጥ ነበር። በዚህ የተነሳ አንድ ድረ ገጽ መክፈት ብቻ ተጠቃሚውን ካሜራው እንደበራ ስብሰባ ውስጥ ሊያስገባው ይችል ነበር። ዙምን አራግፈው ለጣሉትም ሰርቨሩ በማሽናቸው ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ በመጨረሻ አፕል ራሱ በአፕዴት ከማሽኖቹ ላይ አጠፋው። ያ ቀዳዳ ተዘግቷል። እርስዎ ግን በሚጠቀሙበት የስብሰባ አፕ ሁሉ ላይ ሲገቡ ካሜራውም ማይክሮፎኑም ጠፍተው እንዲጀምሩ ያስተካክሉ።

«ሚዩት» የሚለውን ቁልፍም ከልክ በላይ አይመኑት። በ2022 የዊስኮንሲን ማዲሰንና የቺካጎው ሎዮላ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የታወቁ የስብሰባ አፖችን ፈትሸው ነበር። ተጠቃሚው ሚዩት ካደረገ በኋላም አንዳንዶቹ ከማይክሮፎኑ ድምፅ መቀበላቸውን እንደሚቀጥሉ ደረሱበት። ሚዩት ማለት «ድምፄን ለሌሎቹ አታሰማ» የሚል ለአፑ የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ ማይክሮፎኑን የሚያጠፋ አይደለም። በስብሰባ መሃል የግል ነገር ማውራት ካለብዎት ከክፍሉ ይውጡ። በዚያው ልክ ማይክሮፎኑ ክፍት ሳለ የይለፍ ቃል አይተይቡ። በ2023 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የማክቡክ ኪቦርድ ድምፅን በዙም ብቻ ሰምተው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ 93 በመቶ በትክክል መለየት ችለዋል፤ በአጠገቡ በተቀመጠ ስልክ ሲቀረጽ ደግሞ 95 በመቶ።

የጆሮ ማዳመጫም ማይክሮፎን እንዲሆን ማድረግ እንደሚቻል የእስራኤሉ ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 አሳይተዋል። ይህ በቤተ ሙከራ የተረጋገጠ ነው፤ እርስዎ ግን በዚህ ምክንያት የጆሮ ማዳመጫዎን አይጣሉ። ይልቅ በጠረጴዛው ላይ ከላፕቶፑ ጎን የተቀመጠውን ስልክ ያስቡ። እሱም ካሜራና ማይክሮፎን አለው፤ ከእርስዎ ጋርም የትም ይሄዳል። ሚስጥር ለማውራት ላፕቶፑን ዘግቶ ስልኩን ፊት ለፊት ማስቀመጥ ግማሽ ጥንቃቄ ነው። ሁለቱንም ሌላ ክፍል ትተው በሩን ይዝጉ።

አንቲቫይረሱ ምንም አለማግኘቱ ጥሩ ምልክት ነው፤ የመጨረሻ ቃል ግን አይደለም። አንቲቫይረስ የሚያውቀውን ወይም ከሚያውቀው ጋር የሚመሳሰለውን ይይዛል። በተጨማሪም ሕጋዊ የርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራሞችን፣ ለምሳሌ አንድ ቴክኒሻን ጭኖት የሄደውን፣ እንደ ማልዌር ላይቆጥራቸው ይችላል። የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ራስዎ አንድ በአንድ ያንብቡ። ከኢሜይሉ በስተቀር ሌላ የሚያጠራጥር ነገር ስላልጠቀሱ ማሽንዎ ተይዟል ብዬ የምጠረጥርበት ምክንያት የለኝም። እውነተኛ ምልክት ካዩ ግን፣ ለምሳሌ መብራቱ ያለ ምክንያት ከበራ፣ መዳፊቱ በራሱ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም በክፍል ውስጥ ብቻ የተናገሩትን ሌላ ሰው ካወቀው፣ ማጽጃ ሶፍትዌር ደጋግሞ በማስኬድ ጊዜ አያጥፉ። ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፤ የይለፍ ቃሎችዎን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ይቀይሩ፤ ሰነዶችዎንና ፎቶዎችዎን ብቻ ባክአፕ ያድርጉ፤ ከዚያ ዲስኩን ፎርማት አድርገው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከአምራቹ ከወረደ ቅጂ እንደ አዲስ ይጫኑ። የድሮዎቹን ፕሮግራሞች ከፍላሽ መልሰው አይጫኑ፤ ማልዌሩ የመጣው በእነሱ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ምክር ውጪ የሆኑ ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ሲሆን ነው። ያኔ የአድሚን ሥልጣኑ የባለቤቱ ነው፤ እርስዎ ያጠፉትን ቅንብር እሱ ያበራዋል። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሎወር ሜሪየን የትምህርት ጽሕፈት ቤት ለተማሪዎች ባደላቸው ላፕቶፖች ላይ የጠፋ ማሽን መፈለጊያ ሶፍትዌር ጭኖ ነበር። በ2010 ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ ከ56,000 በላይ የካሜራና የስክሪን ምስሎች ተሰብስበው ተገኙ፤ አንዳንዶቹ ተማሪዎች በቤታቸው ሳሉ የተነሱ ናቸው። ጽሕፈት ቤቱ 610,000 ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ። በእንዲህ ዓይነት ላፕቶፕ ላይ ካሜራውን ይሸፍኑ፣ የግል ጉዳይዎን አይክፈቱበት፣ ሥራ ሲጨርሱም ሙሉ በሙሉ ያጥፉት እንጂ እንዲያንቀላፋ ብቻ አይተዉት።

ሁለተኛው የሚያሳስበው ነው፦ የሚጠረጥሩት በቤትዎ ያለ ሰው ከሆነ፤ የይለፍ ቃልዎን የሚያውቅ፣ ላፕቶፑን በእጁ የሚያገኝ ሰው። የስለላ ፕሮግራሙን በድንገት ማጥፋት ያ ሰው እንደታወቀበት ይነግረዋል፤ ለአደጋም ሊያጋልጥዎት ይችላል። ፎርማት አድርጉ ያልኩትም ማስረጃውን ያጠፋል። በዚያ ላፕቶፕ ላይ ስለ ጉዳዩ ምንም አይፈልጉ፣ ለማንም አይጻፉበት። መጀመሪያ ያ ሰው በማይደርስበት ስልክ ከሚያምኑት ሰው ወይም ከሕግ ባለሙያ ጋር ይነጋገሩ፤ ማሽኑን መንካት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለእርስዎ የምመክረው ይህን ነው። ካሜራውን በጥቁር ቴፕ ሸፍነው ይተዉት። ከማይክሮፎኑ ቀዳዳ ላይ ቴፑን ያንሱ፤ የሌለ ጥበቃ እንዳለ እያስመሰለ ያዘናጋዎታል። የውስጡን ማይክሮፎን በባዮስ ያጥፉት፤ ባዮሱ ካልፈቀደ በዲቫይስ ማናጀር ያጥፉት። ለስብሰባ በዩኤስቢ የሚሰካ ማይክሮፎን ወይም ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ይጠቀሙ፤ ስብሰባው እንዳለቀ ይንቀሉት። የተነቀለ ማይክሮፎን የሚሰማው ነገር የለም። በዕለት ተዕለት ሥራዎ የአድሚን ሳይሆን ተራ አካውንት ይጠቀሙ፤ አፕዴት ሲመጣ አያዘግዩ፤ ክራክ የተደረገ ነገር በዚህ ማሽን ላይ ዳግም አይጫኑ። ከሁሉም የመጨረሻውን ሳያዩ አይለፉት፤ ማልዌር ከሚገባባቸው ሰፊ በሮች አንዱ እሱ ነው።

ላፕቶፑን አይቀይሩት፤ የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። ወደፊት ጊዜው ደርሶ ሌላ ሲገዙ ግን «የፕራይቨሲ ማጥፊያ አለው» ሲሉዎት ምን እንደሚያጠፋ ይጠይቁ። አንዳንዱ ሌንሱን የሚጋርድ ክዳን ብቻ ነው፤ ማይክሮፎኑን አይነካውም። ሱቁ ውስጥ ዲቫይስ ማናጀርን ከፍተው ማጥፊያውን ይጫኑ። ካሜራውና ማይክሮፎኑ ከዝርዝሩ ከጠፉ ጥሩ ምልክት ነው። ስማቸው እዚያው ተቀምጦ ምስሉ ብቻ ከጠቆረ ግን ማጥፊያው መሸፈኛ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለማይክሮፎኑ አሁንም በዩኤስቢ የሚነቀለው ያስፈልግዎታል።